ካሜራው በሰማይ፣ ቡናው በጥላ ሥር

በሚዛን ተፈሪ፣ በቴፒና በቦንጋ ዙሪያ የሚኖር የቡና ገበሬ ማሳውን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። ዋንዛው የት እንደ ቆመ፣ የትኛው እግር ቡና አባቱ የተከለው፣ የትኛው ራሱ የበቀለ እንደ ሆነ ሳይጨነቅ ይናገራል። ዛሬ ግን ይህን ማሳ ሌላም ተመልካች ያየዋል። ከምድር 786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ የሚዞሩ ሁለት የአውሮፓ ሳተላይቶች እየተፈራረቁ በየአምስት ቀኑ ፎቶ ያነሡታል። ፎቶዎቹ እጅግ ብዙ ስለ ሆኑ ሰው ተቀምጦ አያነባቸውም። የማንበቡ ሥራ ለኮምፒዩተር ተሰጥቷል፤ ከአንባቢዎቹም ዋነኛው ኒውራል ኔትወርክ የሚባለው ነው። ይህ ፕሮግራም፣ ይህ ደን ነው፣ ያኛው እርሻ ነው እያለ መሬቱን ይከፋፍላል። ቀጥሎም ትናንት ደን የነበረው ዛሬ እርሻ ሆኖ እንደ ሆነ ይከታተላል።

ለመሆኑ ይህ ነገር የሸኮንና የቤንችን፣ የከፋንና የሸካን ገበሬ ምን አገባው? የሚያገባው ብዙ ነው። ፕሮግራሙ ደን ተጨፍጭፏል ያለበት ማሳ ቡና አውሮፓ መግባቱ አጠያያቂ ይሆናል። ማሽኑ ከተሳሳተስ? ማን ይመሰክራል? ለማንስ አቤት ይባላል? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ መመልከት ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 (2015 ዓ.ም.) አንድ ሕግ አወጣ። ሕጉ ሰባት ሸቀጦችን ይመለከታል፦ ከብት፣ ካካዎ፣ ቡና፣ የፓልም ዘይት፣ ጎማ፣ አኩሪ አተርና እንጨት። ፍሬ ነገሩ እንዲህ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 (ታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም.) በኋላ ደን ተጨፍጭፎ በተገኘ መሬት ላይ የበቀለ ምርት ኅብረቱ ገበያ ውስጥ አይገባም። ቡናውን የሚያስገባው ነጋዴ ምርቱ የበቀለበትን ማሳ ከነመገኛው ማሳወቅ አለበት። ማሳው ከ4 ሄክታር በላይ ከሆነ ድንበሩ ዙሪያውን ይለካል፤ ከዚያ በታች ከሆነ አንድ ነጥብ ይበቃል። ሕጉን የጣሰ ድርጅት የሚጣልበት ቅጣት ከባድ ስለ ሆነ ገዢው ጥርጣሬ ያለበትን ማሳ ከመንካት ይሸሻል።

ሕጉ ሥራ ላይ ይውላል የተባለበት ቀን ሁለት ጊዜ ተገፍቷል። መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ፣ ከዚያም በ2025 መጨረሻ ነበር። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2025 በተላለፈው ውሳኔ መሠረት ለታላላቅና ለመካከለኛ ድርጅቶች ቀኑ ዲሴምበር 30 ቀን 2026 (ታኅሣሥ 21 ቀን 2019 ዓ.ም.) ሆኗል፤ ለአነስተኞቹ ደግሞ ጁን 30 ቀን 2027 (ሰኔ 23 ቀን 2019 ዓ.ም.)። ቀኑ ተገፋ ማለት ጉዳዩ ቀረ ማለት አይደለም። ገዢዎች ከወዲሁ የማሳ መረጃ ይጠይቃሉ። በአገራችንም የገበሬውን ማሳ በነጥብና በድንበር የመመዝገብ ሥራ ተጀምሯል።

ነገሩ ለአገር ቀላል አይደለም። ኢትዮጵያ በ2017 የበጀት ዓመት ከቡና ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አግኝታለች። ከምንልከው ቡና ሲሶ ያህሉ የሚሄደው ወደ አውሮፓ ነው። ለደቡብ ምዕራቡ ገበሬ ደግሞ ቡና የልጆች ትምህርት ቤት ነው፤ ቆርቆሮ ነው፤ መድኃኒት ነው፤ የቤተ ክርስቲያን አሥራትም ጭምር ነው።

ማሽኑ እንዴት ያያል?

ነገሩን ለመረዳት ከቪዲዮ እንጀምር። ቪዲዮ ማለት በሰከንድ 25 ወይም 30 ጊዜ የሚለዋወጥ የፎቶ ክምር ነው። በሚዛን ገበያ አንድ ቪዲዮ ተቀረጸ እንበል። ባጃጅ ያልፋል፤ አይሱዙ ቆሟል፤ ሰው ይተላለፋል። ኮምፒዩተሩ ባጃጇን ለይቶ እንዲከተል ብንፈልግ ሁለት ሥራ ይጠብቀዋል። አንደኛው፣ በእያንዳንዱ ፎቶ ላይ የትኞቹ ነጥቦች የባጃጇ፣ የትኞቹ የመንገዱ እንደ ሆኑ በድንበር መለየት ነው። ሁለተኛው፣ በዚህኛው ፎቶ ያየውን ባጃጅ በሚቀጥለው ፎቶ ላይ ያችው መሆኗን ማወቅ ነው።

ኒውራል ኔትወርክ ይህን የሚማረው በሕግና በደንብ አይደለም፤ በምሳሌ ነው። ሰዎች በብዙ ፎቶዎች ላይ የነገሮችን ድንበር በእጃቸው ያሰምራሉ። ፕሮግራሙ ይገምታል፤ ግምቱ ከሰዎቹ መስመር ጋር ይነጻጸራል፤ በስሕተቱ መጠን ውስጡ ያሉት ቁጥሮች በጥቂት በጥቂቱ ይስተካከላሉ። ይህ እልፍ ጊዜ ይደጋገማል። ፌስቡክን የሚያስተዳድረው ሜታ እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው ፕሮግራም የተማረው በ11 ሚሊዮን ፎቶዎችና በላያቸው በተሰመሩ ከ1 ቢሊዮን በላይ ድንበሮች ነው። በ2024 ያወጣው ተከታዩ ደግሞ ለቪዲዮ የተሠራ ነው። ነገሩን አንድ ጊዜ ብትጠቁመው፣ ያየውን በማስታወሻው እየያዘ እስከ ቪዲዮው መጨረሻ ይከተለዋል።

ታዲያ የሚደናገረው የት ነው? ሠሪዎቹ ራሳቸው ገልጸውታል። የሚከተለው ነገር ከሌላ ነገር ኋላ ለረጅም ጊዜ ሲሰወር ዱካው ይጠፋበታል። ተመሳሳይ ነገሮች ጎን ለጎን ሲሆኑም አንዱን ከአንዱ ያምታታል። ባጃጇ ከአይሱዙው ኋላ ገብታ ብትቆይ፣ ስትወጣ ሌላ ባጃጅ ልትመስለው ትችላለች። ውድ አንባቢ፣ እነዚህን ሁለት ድክመቶች ያዝልኝ፤ ወደ ቡናው ስንመለስ እናገኛቸዋለን።

የሳተላይት ፎቶም ቢሆን ቪዲዮ ነው፤ እጅግ ዘገምተኛ ቪዲዮ። ልዩነቱ በሰከንድ 30 ፎቶ በመሆን ፈንታ በአምስት ቀን አንድ መሆኑ ነው። ዘዴውም ዘመድ ነው። በጀርመን የፍራይቡርግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 የሰውነት ሕዋሶችን በማይክሮስኮፕ ፎቶ ላይ ለመለየት የሠሩት ኔትወርክ ዛሬ ደንና እርሻን ለመለየት በሰፊው ይሠራበታል። ሕዋስ ይለይበት የነበረው መስመር አሁን የገበሬ ማሳ ይለይበታል ማለት ነው።

ጥላው የሸፈነው

የደቡብ ምዕራብ ቡና በብዛት የጥላ ቡና ነው። ባለሙያዎች የአገራችንን የቡና አመራረት በአራት ይከፍሉታል፦ የጫካ ቡና፣ ከፊል የጫካ ቡና፣ የጓሮ ቡናና በሰፋፊ እርሻ የሚለማ ቡና። በሸካና በከፋ ጫካ ውስጥ ገበሬው ቁጥቋጦውን ይመነጥራል፤ ትልልቆቹን ዛፎች ለጥላ ይተዋቸዋል፤ ቡናውን ከሥራቸው ያለማል። ዛፉ ላይ የማር ቀፎ ይሰቀላል። ይህ አያቶች ያቆዩት አያያዝ ነው። የዓረቢካ ቡና መነሻ የሆነው ይህ ደን እስከ ዛሬ የቆየው በከፊል እንዲህ ባለው አያያዝ ነው። ዩኔስኮም የከፋን ደን እ.ኤ.አ. በ2010፣ የሸካን ደን በ2012 በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራዎች መዝገብ ውስጥ ያስገባቸው ሰውና ደን አብረው የሚኖሩባቸው ስፍራዎች ሆነው ነው።

እንግዲህ ሳተላይቱ ከላይ ሲያይ ምን ያያል? ዋንዛውን ያያል። ብርብራውን ያያል። ቡናውን ግን አያየውም። ቡናው ከአይሱዙ ኋላ ገብታ እንደ ቀረችው ባጃጅ ነው፤ ያውም አንድም ቀን ብቅ የማትል ባጃጅ። የጥላው ቅጠልና የደኑ ቅጠል ከላይ ሲታዩ ተመሳሳይ ስለ ሆኑ ሁለተኛው ድክመትም እዚሁ ይጨመራል።

ደመናም አለ። በሚዛንና በቴፒ ዝናቡ ከመጋቢት ገደማ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። በእነዚህ ወራት ብዙው ፎቶ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ደመናን አልፎ የሚያይ ራዳር የያዙ ሳተላይቶች አሉ፤ ነገር ግን ራዳሩም ቢሆን ከዛፍ ሥር ያለውን ተክል በስሙ ለይቶ አይነግርም።

የማሳው ስፋትም ሌላ ነገር ነው። የሳተላይቱ አንድ ነጥብ መሬት ላይ 10 ሜትር በ10 ሜትር ነው። ግማሽ ሄክታር ማሳ ያለው ገበሬ በዚያ ፎቶ ላይ የሚኖረው 50 ነጥብ ገደማ ነው። ማሳው አራት ማዕዘን ቢሆን እንኳ ከነጥቦቹ ግማሽ ያህሉ ዳር ላይ ያርፋሉ። የዳር ነጥብ ደግሞ ግማሹ የእርሱ፣ ግማሹ የጎረቤቱ ነው። እንደ በበቃ ባለ በሺዎች ሄክታር በሚቆጠር እርሻ ላይ የዳሩ ስሕተት ኢምንት ነው፤ በግማሽ ሄክታር ላይ ግን ማሳውን በሙሉ ሊያሳስት ይችላል።

ሁለት ዓይነት ስሕተት

ከዚህ የሚወለዱት ስሕተቶች ሁለት ናቸው፤ ሁለቱንም በእኩል ዓይን ማየት ይገባል።

አንደኛው ስሕተት ገበሬውን ይጎዳል። የአውሮፓው ሕግ በሰብል ላይ የቆመ ጥላ ደን እንዳልሆነ ይናገራል፤ በዛፍ ጥላ ሥር የሚለማ ሰብል የእርሻ መሬት ተብሎ ይቆጠራል። ፎቶው ግን ይህን ሕግ አያነብም። ከግማሽ ሄክታር በላይ ስፋት፣ ከ5 ሜትር በላይ ቁመት፣ መሬቱን ከመቶ 10 እጅ በላይ የሸፈነ ቅጠል ካለ ደን ይለዋል። እንግዲህ አንድ አባት በ1980ዎቹ የተከሉት የጥላ ቡና በ2013ቱ ካርታ ላይ ደን ተብሎ ተመዘገበ እንበል። በ2016 ዓ.ም. ያረጀውን ቡና ጎነደሉ፤ የበዛውን ጥላም አሳሱ። የግብርና ባለሙያው የመከራቸውን መሥራታቸው ነው። ከላይ የሚያየው ማሽን ግን ደን ሳሳ ይላል። የመከሩት ምክር ወንጀል ሆኖ ይመጣባቸዋል።

ሁለተኛው ስሕተት ደኑን ይጎዳል። አንድ ሰው ወደ ጥንቱ ደን ገብቶ ከሥር ያለውን ችግኝና ቁጥቋጦ መንጥሮ አዲስ ቡና ቢተክል፣ ትልልቆቹ ዛፎች እስከ ቆሙ ድረስ ማሽኑ ምንም አላየም። ችግኙ ከተመነጠረ ግን አሮጌው ዛፍ ሲወድቅ የሚተካው የለም። ደኑ ከሥሩ እየሞተ ካርታው አረንጓዴ እንደ ሆነ ይቀራል።

ስለዚህ ማሽኑ በደቡብ ምዕራብ ንጹሑን ከሶ በዳዩን ሊያሳልፍ ይችላል። ይህን የምንለው ቴክኖሎጂውን ለማጣጣል አይደለም። በሌላ ቦታ ትልቅ ሥራ ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ2023 ኔቸር ፉድ በተባለ መጽሔት የወጣ ጥናት በኒውራል ኔትወርክ የኮትዲቯርንና የጋናን የካካዎ እርሻዎች ከሳተላይት ፎቶ ለይቷል። በኮትዲቯር በጥብቅ ስፍራዎች ውስጥ ከጠፋው ደን ከመቶ 37 በላዩ፣ በጋና ደግሞ ከመቶ 13 በላዩ ከካካዎ እርሻ ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳየ። ያለዚህ ዘዴ ይህ ሁሉ ተሸፍኖ ይቀር ነበር። ታዲያ እዚያ ለምን ተሳካ? ፕሮግራሙ የተማረው በዚያው አገር መሬት ላይ ከተለኩ የካካዎ ማሳዎች ድንበር ስለ ሆነ ነው።

ያላዩትን አለማወቅ

ማሽን የሚያውቀው ያሳዩትን ነው። ይህን ለዓለም በግልጽ ካሳዩት አንዷ በአዲስ አበባ የተወለደችው ዶ/ር ትምኒት ገብሩ ናት። ከጆይ ቡኦላምዊኒ ጋር እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ጥናት፣ የሰውን ፊት አይተው ጾታ የሚለዩ የታወቁ ኩባንያዎች ፕሮግራሞችን ፈተኑ። ቆዳቸው ነጣ ባሉ ወንዶች ላይ ስሕተቱ ከመቶ ከ1 አይበልጥም ነበር። ቆዳቸው ጠቆር ባለ ሴቶች ላይ ግን በአንዱ ፕሮግራም ከመቶ 34.7 ደረሰ። ለመማሪያና ለመፈተኛ ሲያገለግሉ ከነበሩት ፎቶዎች መካከል የጥቁር ሴቶች ድርሻ ትንሽ ነበር።

በፊት ላይ የሆነው በማሳ ላይ የማይሆንበት ምክንያት የለም። በጠራራ ፀሐይ የሚለማ የብራዚል ቡና በረድፍ ተተክሎ ከላይ በግልጽ ይታያል። በዚያ የተማረ ማሽን የሸካን የጥላ ቡና ሲያይ አይቶት የማያውቀው እንግዳ ይሆንበታል። የአገራችን ሰው የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ይላል። የደቡብ ምዕራብን ቡና ለማንበብ ማሽኑ ከደቡብ ምዕራብ መማር አለበት።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ተስፋ የሚሰጥ አንድ ነገር አለ። የአውሮፓ ኮሚሽን ራሱ ያሰናዳው የ2020 የደን ካርታ አስገዳጅ እንዳልሆነና ብቸኛ ማስረጃ ተደርጎ እንደማይወሰድ በግልጽ አስታውቋል። ካርታው ደን ያለውን ማሳ፣ መሬት ላይ ያለ ማስረጃ እርሻ ነበር ብሎ ሊያስተባብለው ይችላል። በሩ ክፍት ነው፤ ግን ማስረጃ ይዞ የሚገባ ሰው ያስፈልጋል።

1ኛ/ መዝጋቢ ሲመጣ ገበሬው ራሱ ማሳው ላይ ይገኝ። ነጥቡ ከቡናው መሐል ይወሰድ እንጂ ከቤት ደጃፍ አይወሰድ። በወፍራም ጥላ ሥር የስልክ ጂፒኤስ ስለሚዋዥቅ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ መለካት ይበጃል። ማሳው ከ4 ሄክታር በታች ቢሆንም ዙሪያውን ማስለካት አይከለከልም፤ ከአንድ ነጥብ ይልቅ ሙሉ ድንበር የተሻለ ምስክር ነው።

2ኛ/ የድሮ ወረቀት አይጣል። የመሬት ይዞታ ደብተር፣ ከ2013 ዓ.ም. በፊት እሸት ወይም ጀንፈል ለማኅበር የተሸጠበት ደረሰኝ፣ የአሮጌው ቡና ግንድ ፎቶ፣ እነዚህ ሁሉ ማሽኑ ያላየውን ይናገራሉ። ጥላ ከማሳሳት ወይም ቡና ከመጎንደል በፊት ቀኑ የሚታይ ፎቶ ማንሣት ልማድ ይሁን።

3ኛ/ መረጃውን የሚሰበስበው አካል፣ ማኅበርም ሆነ ዩኒየን፣ ላኪም ሆነ መንግሥት፣ ለገበሬው ቅጂ ይስጠው። ማሳው ተጠርጥሯል ከተባለ ከዝርዝር ከመሰረዙ በፊት አንድ ሰው በእግሩ ሄዶ ይየው። አቤቱታ የሚቀርብበት ቦታም በወረዳው ይታወቅ። ይህ ካልሆነ ገዢው ቀላሉን መንገድ ይመርጣል፤ ትንንሾቹን ትቶ ከሰፋፊዎቹ እርሻዎች ብቻ ይገዛል። ደኑን ያቆየው ገበሬ ደኑን ስላቆየ ይቀጣል።

4ኛ/ በአካባቢው ያሉ የትምህርትና የምርምር ተቋማት፣ ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ፣ እጃቸውን ያስገቡ። የጥላ ቡና የት እንዳለ፣ ጥብቅ ደን የት እንዳለ መሬት ላይ ቆመው በሺህ በሚቆጠሩ ቦታዎች ምልክት ቢያደርጉ ማሽኑ የሚማርበት መጽሐፍ ይሆናል። ይህን ከአካባቢው ተወላጅ ወጣት የተሻለ የሚሠራው የለም።

5ኛ/ እውነትም ትነገር። ትናንት የተመነጠረን ደን የአባቴ ቡና ነው ብሎ ማስመዝገብ ውሸት ነው። ማሽኑ አላየውም ማለት አልተደረገም ማለት አይደለም። አንድ የሐሰት ነጥብ ከአንድ ማኅበር ቡና ጋር ከተቀላቀለ የመቶ እውነተኛ ገበሬዎች ምርት አብሮ ይጠረጠራል።

በሚዛን፣ በቴፒና በቦንጋ አጥቢያዎች ውስጥ ከሚያመልኩት ምእመናን ብዙዎቹ የቡና ገበሬዎች ናቸው። ስልክ የሚይዙ፣ ካርታ ማንበብ የሚችሉ ወጣቶችም እዚያው አሉ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ወጣቶቹ ከአረጋውያኑ ጋር ማሳ ወርደው ድንበር ቢለኩ፣ ወረቀት ቢያደራጁ፣ ሕጉን በሚገባቸው ቋንቋ ቢያስረዱ ትልቅ አገልግሎት ነው። የጎረቤትን ድንበር አለመግፋት የቆየ ትምህርታችን ነው። ዛሬ ድንበሩ በኮምፒዩተር ላይም ይሰመራልና፣ እዚያም እንዳይገፋ መጠበቅ የዚያው ትምህርት ክፍል ነው።

ማሽኑ እየተሻሻለ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2023 የስዊዘርላንድ ተመራማሪዎች ከጠፈር በተላከ ሌዘር መለኪያና በሳተላይት ፎቶ ተመርተው የዓለምን ዛፎች ቁመት በ10 ሜትር ልኬት አውጥተዋል፤ ነገም ሌላ ይመጣል። ይሁን እንጂ ከዋንዛው ሥር ያለውን ቡና ማን እንደ ተከለው፣ መቼ እንደ ተከለው የሚናገር ሌዘር የለም። እርሱን የሚያውቀው ማሳው ላይ የቆመው ሰው ነው። ምዝገባው ሲደርስ እርሱም አብሮ ይቆጠር፤ ቃሉም ከካርታው ጎን ይጻፍ።